የቤት ስፒከርና አምፕ አመራረጥ፦ ቁጥሩን ማንበብ፣ ጆሮን መፈተን

ስለ ድምፅ ዕቃ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንደኛው «ግራፉን አሳየኝ» ይላል። ሌላኛው «ጆሮ እያለኝ ግራፍ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይመልሳል። ጠቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድምፅ ዕቃ ገምጋሚው ጁሊያን ሂርሽ አምፕ (ለስፒከር ኃይል የሚሰጠውን ማጉያ) እና ስፒከር በመሣሪያ እየለካ ለዓመታት ጻፈ። ጄ. ጎርደን ሆልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴሪዮፋይል የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት ዕቃ መዳኘት ያለበት ተደምጦ ነው የሚል አቋም ይዞ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በዚህ ጉዳይ አቋም አለኝ። ልኬትና ጆሮ አይጣሉም፤ የሥራ ድርሻቸው ነው የተለያየው። ልኬት የማይረባውን ያጣራል፣ ጆሮ ከቀሩት ይመርጣል። ጆሮ የሚታመነው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። የሚነጻጸሩት ዕቃዎች ቮልዩም እኩል መሆን አለበት። አድማጩም የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ማወቅ የለበትም።

ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። ካናዳዊው ፍሎይድ ቱል በአገሩ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ሲሠራ ሰዎችን ስፒከሩን ሳያሳይ ያስደምጣቸው ነበር። በ1980ዎቹ ያወጣቸው ውጤቶች ግልጽ ነበሩ። ጤናማ ጆሮ ያላቸው አድማጮች ሳያዩ ሲያዳምጡ ምርጫቸው በጣም ይቀራረባል። የመረጧቸው ስፒከሮችም በልኬት ጥሩ ሆነው የተገኙት ናቸው። በ1994 ደግሞ ሾን ኦሊቭ ሃርማን ኩባንያ ውስጥ 40 የድርጅቱን ሠራተኞች ያንኑ ስፒከሮች አንዴ እያዩ፣ አንዴ ሳያዩ አስደመጣቸው። ሲያዩ ትልቁና ውዱ ስፒከር ነጥቡ ወጣ፣ ትንሹና ርካሹ ወረደ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ሰዎቹ እያዩ ሲያዳምጡ ስፒከሩ ቦታ ሲቀይር የሚመጣውን እውነተኛ የድምፅ ለውጥ እንኳ በቅጡ አላስተዋሉትም። ዓይን የሌለውን ልዩነት ይፈጥራል፣ ያለውንም ይደብቃል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱ የት እንዳለ ዕወቁ

ድምፁን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ስፒከር ነው። ሁለት ስፒከሮች በብዙ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ሊለያዩ ይችላሉ። ቀጥሎ ክፍሉ ይመጣል፣ በተለይ ለባስ፣ ማለትም ለወፍራሙ ድምፅ። ከዚያ ራቅ ብሎ አምፕ አለ። ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዳክ ከአምፕም ያነሰ ነው። ገመድ በቂ ውፍረት ካለውና በደንብ ከታሰረ ሥራውን ጨርሷል።

ስለዚህ በጀታችሁ ውስን ከሆነ ትልቁን ድርሻ ለስፒከር መድቡ። ለገመድ ብዙ የሚያስከፍላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ያንን ብር ምንጣፍና መጋረጃ ግዙበት። የምሬን ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ካርቶኑ ላይ ያለውን አጣሩ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «5000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» ተብሎ ከተጻፈ እሱን ዝለሉት። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባለው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ ለዚህ ቁጥር ሁሉም የሚስማማበት አለካክ የለም። ዕቃውን አዙሩና ከኋላ ያለውን ትንሽ ስቲከር አንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 60 ዋት» ይል ይሆናል። ከግድግዳው 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 5000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ከየት አምጥቶ? የምትፈልጉት በአር.ኤም.ኤስ የተገለጸ፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚወጣ ዋት ነው። እሱም በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም) እና በስንት ፐርሰንት ዲስቶርሽን (የድምፅ መዛባት) እንደተለካ አብሮ ሲጻፍ ነው ትርጉም የሚኖረው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 ስለ አምፕ ዋት ማስታወቂያ ደንብ ያወጣውም ኩባንያዎች ቁጥሩን እንደፈለጉ ስለሚጽፉ ነው።

ሁለተኛው ማታለያ «ከ20 ሄርዝ እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚለው ነው። ሄርዝ ድምፅ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ከጎኑ «±3 ዴሲቤል» የሚል ነገር ከሌለ ብዙም አይነግራችሁም። ትንሽ ስፒከርም 20 ሄርዝ ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን ማንም በማይሰማው መጠን ይሆናል።

ጠቃሚው ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ነው። ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል ማለት ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ነው። በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ስለሚሆን ባለ 4 ኦሙ ስፒከር በወረቀት ላይ ከእውነተኛው በ3 ዴሲቤል የተሻለ ይመስላል። ሁለት ስፒከር ስታነጻጽሩ ይህን ልብ በሉ።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ስፒከሩ 8 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው 87 ዴሲቤል ነው እንበል። አምፑ 50 ዋት ይሰጣል። 50 ዋት ከ1 ዋት በ17 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ስለዚህ በ1 ሜትር 104 ዴሲቤል ይደርሳል። 3 ሜትር ርቃችሁ ስትቀመጡ ሜዳ ላይ ቢሆን 9.5 ዴሲቤል ይቀንስ ነበር። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው የሚቀንሰው ከዚያ ያነሰ ነው። በአንድ ስፒከር ብቻ 95 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ አገኛችሁ ማለት ነው። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህ ጎረቤት የሚያስነሳ ድምፅ ነው። ሻጩ «ባለ 100 ዋቱን ተወውና ባለ 120 ዋቱን ውሰድ» ቢላችሁ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.8 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለዚያ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ደረጃ 3፦ ግራፉን አንብቡ

ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሄርዙ ቁጥር ነው። ግራው ባስ፣ ቀኙ ቀጭኑ ድምፅ። ከታች ወደ ላይ ያለው ዴሲቤል ነው። ጥሩ ስፒከር ከፊት ለፊቱ ሲለካ መስመሩ ለጥ ያለ ይሆናል።

መስመሩን ከማየታችሁ በፊት ሚዛኑን ተመልከቱ። ከታች እስከ ላይ 100 ዴሲቤል በያዘ ግራፍ ላይ ተራራውም ሜዳ ይመስላል። 50 ዴሲቤል የያዘው ይበልጥ ሐቀኛ ነው። ምንም ኩርባ የሌለበት ለስላሳ መስመር ካያችሁም ተጠራጠሩ፤ በሶፍትዌር ተለስልሶ ሊሆን ይችላል።

የፊት መስመር ብቻውን አይበቃም። ቤት ውስጥ ጆሯችሁ ጋ ከሚደርሰው ድምፅ ብዙው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ተመልሶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ ወደ ጎን የሚያወጣውም መታየት አለበት። ዛሬ ጥሩ ልኬት የሚባለው ስፒከሩን በ10 ዲግሪ እያዞሩ፣ በአግድምም በቁምም፣ 70 ቦታ ላይ የሚለካው ነው። ሲ.ቲ.ኤ. 2034 በሚባል መለኪያ ውስጥ ተደንግጓል፤ ሰዉ ስፒኖራማ ይለዋል። ግራፉ ላይ ብዙ መስመሮች ተደራርበው ታያላችሁ። ከላይ ያለው የፊት ለፊቱ ድምፅ ነው። ከታች ያሉት ደግሞ ከግድግዳ የሚመለሰውንና ስፒከሩ በየአቅጣጫው የሚያወጣውን ጠቅላላ ድምፅ ያሳያሉ። የምትፈልጉት የላይኛው ለጥ ብሎ፣ የታችኞቹ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ እያዘቀዘቁ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ቅርፅ ይዘው ሲሄዱ ነው።

ቅርፁ ሲለያይ ምን ይመስላል? 16 ሴንቲሜትር ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና 2.5 ሴንቲሜትር ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው) ያለውን የተለመደ ስፒከር ውሰዱ። ዎፈሩ 2,000 ሄርዝን አልፎ ሲሄድ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ መወርወር ይጀምራል። 3,000 ሄርዝ አካባቢ ሥራውን የሚረከበው ትዊተር ግን በሰፊው ይበትናል። የፊት መስመሩ ለጥ ብሎ ሳለ የጎኑ መስመር መጀመሪያ ይጎደጉዳል፣ ከዚያ ያብጣል። እንዲህ ያለ ስፒከር ምንጣፍ በበዛበት ክፍል ብዙም ላያስታውቅ ይችላል። ሴራሚክ በተነጠፈበት ሳሎን ግን የሴት ዘፋኝ ድምፅ ከፍ ሲል ጆሮ ይወጋል።

ሌላው ነገር የጉብታው ስፋት ነው። ሰፊና ዝቅተኛ ጉብታ ጠባብና ረጅም ከሆነው ይልቅ በቀላሉ ይሰማል። ጠባብ ጉድጓድ ደግሞ ግራፉ ላይ ቢያስፈራም አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ ያልፈዋል። ጀማሪ የሚደነግጠው በጉድጓዱ ነው፤ መፈራት ያለበት ግን ሰፊው ጉብታ ነው።

ባሱ የት ላይ እንደሚያልቅም እዩ። መስመሩ ከአማካዩ በ6 ዴሲቤል የወረደበት ቦታ ጥሩ ምልክት ነው። ኦሊቭ በ2004 ባወጣው ጥናት ከ70 ስፒከሮች ልኬት ብቻ ተነስቶ ሰዎች ሳያዩ የሚሰጡትን ነጥብ መተንበይ ችሏል። ትንበያውና እውነተኛው ነጥብ የተዛመዱት በ0.86 ነው፤ 1 ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው። ከዚያ ትንበያ ውስጥ 30 ፐርሰንት ያህሉን የወሰደው ባስ ነው። «ጆሮ የሚወደውን ልኬት አያውቅም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን አትርሱ። 0.86 ማለት 1 ማለት አይደለም። የቀረውን ክፍተት የሚሞላው ማዳመጥ ነው።

ደረጃ 4፦ አምፕና ዳክ

እዚህ ብዙ አንቆይም። 1 ፐርሰንት ዲስቶርሽን ከሙዚቃው በ40 ዴሲቤል ያነሰ ነው። 0.1 በ60፣ 0.01 በ80 ዴሲቤል ያነሰ ነው። 0.01 ፐርሰንት ላይ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ ዜሮ መደርደር ለመሐንዲሱ ኩራት እንጂ ለሳሎናችሁ ብዙም አይጨምርም። ይልቅ ሦስት ነገር አረጋግጡ። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ አምፑ በ4 ኦም እንዲሠራ የተፈቀደ መሆኑን ተመልከቱ። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ሙዚቃ ሳትከፍቱ ጆሯችሁን ትዊተሩ ጋ አስጠጉና «ሽሽሽ» የሚለውን መጠን ስሙ፤ ከመቀመጫችሁ የሚሰማ ከሆነ ብዙ ነው። ሦስተኛው የአምፑ የመውጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም አምፑ በመውጫው በኩል ያለው የራሱ የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው። ብዙ ባለ መስታወት ቱቦ አምፖች ላይ ይህ ቁጥር ከፍ ስለሚል የስፒከሩን ግራፍ ራሱን ያዛባዋል። አንዳንድ ሰው ያንን መዛባት ይወደዋል። መውደዱ መብቱ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሚስጥር አይደለም፣ ይለካል።

ስለ ከፍተኛ ጥራት ፋይሎች ከተነሳ፣ በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሲዲ በላይ ጥራት ያለውን ድምፅ በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎ ሄርዝ፣ እንዲያልፍ ከተደረገው ጋር ሳያሳዩ አነጻጽረው ነበር። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276ቱ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም።

ደረጃ 5፦ ቮልዩሙን እኩል አድርጉ

ይህንን ደረጃ የሚዘል ሰው የቀረውን ባይደክምበት ይሻላል።

በትንሹ ከፍ ያለ ድምፅ «ከፍ አለ» ተብሎ አይሰማም። «ጥርት አለ»፣ «ባሱ ሞላ»፣ «ሕይወት አለው» ተብሎ ነው የሚሰማው። ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ባስን የሚሰማበት መጠን ከቮልዩሙ ጋር ይቀያየራል። ድምፅ ሲቀንስ ባሱ ቀድሞ ይጠፋል። አንዳንድ ሻጭ መሸጥ የሚፈልገውን ዕቃ ከፍ አድርጎ የሚከፍተው ይህን በልምድ ስለሚያውቅ ነው።

አምፕ ወይም ዳክ ስታነጻጽሩ መልቲሜትር ያስፈልጋችኋል። ዕቃውን አጥፉ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በስፒከሩ ቀይና ጥቁር ማሰሪያ ላይ አያይዙ። ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ፤ ከተነካኩ አምፑ ሊቃጠል ይችላል። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙሩ። አሁን ዕቃውን ክፈቱና የ100 ሄርዝ ተከታታይ ድምፅ አጫውቱ። 1,000 ሄርዝ ለምን አይሆንም ካላችሁ፣ ርካሽ መልቲሜትሮች የተሠሩት ለመብራት ኃይሉ 50 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው አምፕ 2.00 ቮልት ካሳየ ሁለተኛውን እስከ 2.00 አድርሱት። ከ1.98 እስከ 2.02 ያለው ይሁን ግዴለም፤ 1 ፐርሰንት ልዩነት 0.1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ቮልዩም በግማሽ ዴሲቤል እየዘለለ ስለሚሄድ ልክ አይገጥምላችሁም። ያኔ ቀሪውን በላፕቶፑ ሶፍትዌር አስተካክሉ።

ስፒከር ከስፒከር ሲሆን ቮልት አያገለግልም፤ ሴንሲቲቪቲያቸው ይለያያል። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን የ«ሽሽሽ» ድምፅ አጫውቱ። ስልካችሁ ላይ ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። ስልኩን ጆሯችሁ በሚሆንበት ከፍታ አቁሙት፣ ከዚያ ወዲህ አታንቀሳቅሱት። የስልክ ማይክ ባስ ላይ ደካማ ስለሆነ የሚቻል ከሆነ ከ500 እስከ 2,000 ሄርዝ ብቻ የያዘ ኖይዝ ተጠቀሙ። አፑ የሚያሳየው ቁጥር ትክክል ላይሆን ይችላል። ችግር የለም፤ የሚያስፈልገን ልዩነቱ ብቻ ነው። በግማሽ ዴሲቤል ውስጥ ካቀራረባችሁ በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ ሳታዩ አዳምጡ

አንድ ረዳት ያስፈልጋል። እህት፣ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን። ብቻ ፊቱ የማያሳብቅ ሰው ይሁን።

ስፒከሮቹን ሸፍኑ። ገመድ ወጥሩና ነጠላ ስቀሉበት፣ አንድ እጥፍ ብቻ። ጋቢ አይሆንም፣ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ጨርቁ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አፋችሁ ጋ አድርጋችሁ እፍ በሉበት። ትንፋሹ ካለችግር ካለፈ ድምፁም ያልፋል።

በአንድ ጊዜ አንድ ስፒከር ብቻ አስደምጡ እንጂ ጥንዱን አይደለም። ሰው እንግዳ ይሆንበታል፣ ነገር ግን ቱል እንዳገኘው የስፒከር ጉድለት በአንዱ ሲደመጥ ይበልጥ ይጋለጣል። ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ዙር ስትጨርሱ ቦታ አቀያይሯቸውና ድገሙ። ቦታ ባስን በጣም ይለውጣል። ሃርማን ካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ በሚገኘው ማዳመጫ ክፍሉ ስፒከሮቹን በሴኮንዶች ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የሚያቀያይር ማሽን የሠራው ለዚሁ ነው። እኛ ማሽኑ ስለሌለን በእጅ እናቀያይራለን።

መጀመሪያ ልዩነት መኖሩን ፈትኑ፣ በተለይ ለአምፕና ለዳክ። ረዳቱ አንዱን ዕቃ «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» ብሎ ያስደምጣል። ከዚያ ሳንቲም ወርውሮ ከሁለቱ አንዱን ይከፍታል። እናንተ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ረዳቱ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» አይበል፣ ከናንተ ጀርባ ይቁም። ይህን 16 ጊዜ አድርጉ። 12ቱን ካገኛችሁ በግምት የመሆን ዕድሉ ከ100 ውስጥ 4 አይሞላም፤ ልዩነቱ አለ ማለት ትችላላችሁ። 10 ጊዜ ብቻ ሞክሮ 7 ያገኘ ሰው ሲፎክር ትሰሙ ይሆናል። በግምት ብቻ ከ100 ውስጥ 17 ጊዜ ያህል 7 ወይም ከዚያ በላይ ይገኛል፣ ስለዚህ ገና ምንም አላረጋገጠም።

ለስፒከር ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ምርጫ ሂዱ። ከ10 ነጥብ ስጡ፣ ከነጥቡ አጠገብ ሁለት ሦስት ቃል ጻፉ። አጫጭር ክፍል፣ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ፣ እየደጋገማችሁ አዳምጡ፤ ጆሮ ዝርዝሩን ለረጅም ጊዜ አይዝም። ሲደክማችሁ አቁሙና ቡና ጠጡ። ጆሮ የደከመ ቀን ሁሉም ዕቃ አንድ ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ምን ታደምጣላችሁ?

በደንብ የምታውቁትን ቅጂ ምረጡ፣ ግን ቅጂው ራሱ ጥሩ ይሁን። የድሮ ካሴት ወደ ፋይል የተቀየረውን የምንወደው ብዙ ነን። ለመፈተኛ ግን አይሆንም። ቅጂው ላይ ያለውን ጉድለት ከስፒከሩ ጉድለት መለየት አይቻልም፣ ደግሞም የተቀረጸበት ስቱዲዮ በምን ስፒከር እየሰማ እንዳስተካከለው አናውቅም።

የእኛ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ ግሩም ናቸው። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ ከሚያርፉበት ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ያንን ንዝረት ይፈጥራል። ንዝረቱ ከወፍራሙ ድምፅ ተነስቶ እስከ ላይ ድረስ የተዘረጋ ነው። ጥሩ ስፒከር ላይ ወፍራሙና ንዝረቱ ከአንድ ቦታ ይወጣሉ። መጥፎው ላይ ንዝረቱ ለብቻው ተለይቶ ትዊተሩ ላይ ይንሳፈፋል። ከበሮ ደግሞ የባስን ሥርዓት ያጋልጣል። «ዱም» ብሎ ማቆም ሲገባው «ዱምምም» እያለ የሚጎትት ከሆነ ወይ ስፒከሩ ወይ ክፍሉ ችግር አለበት። ማሲንቆ የመካከለኛውን ድምፅ ጉብታ ቶሎ ያሳብቃል።

አማርኛ ንግግርም አትናቁ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ ድንገት ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ሰ እና ሸ ደግሞ የላይኛውን ክፍል ይፈትናሉ። የቤተሰባችሁን አንድ ሰው ድምፅ ምንጣፍና ሶፋ ባለበት ክፍል፣ በጥሩ ማይክ፣ በቅርበት ቅረጹ። ከዚያ ያንን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና አነጻጽሩ። በአፍንጫው የሚያወራ ከመሰለ መካከሉ አብጧል። ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ከመሰለ ከ200 እስከ 400 ሄርዝ አካባቢ በዝቷል። ሰ ካፏጨች ከ5,000 እስከ 8,000 ያለውን ግራፍ ተመልከቱ። ይህን ስትለማመዱ ቃላችሁና ግራፉ መነጋገር ይጀምራሉ፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታም እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ክፍሉን ለኩ

ባስን ከስፒከሩ እኩል የሚወስነው ክፍሉ ነው። 172ን በክፍሉ ርዝመት አካፍሉ። ለ4 ሜትር ክፍል 43 ሄርዝ ይመጣል። ለ3 ሜትሩ ስፋት 57 ሄርዝ። በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ ጥግ ላይ ባሱ ያጓራል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ስፒከር ገዝተው «ባስ የለውም» እና «ባሱ በዛ» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ባለበት ባዶ ሳሎን «ጥርርር» የሚል ተከታታይ ድምፅ ይመለሳል። ወፍራም ምንጣፍ፣ እጥፋት የበዛበት መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ይህን ያረግቡታል። ባስን ግን ምንጣፍ አይነካውም። ለባስ ስፒከሩን ከጥግ ማራቅና መቀመጫችሁን ከኋላ ግድግዳ ማላቀቅ ነው መፍትሔው።

በቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። እንደ ዩ-ማይክ 1 ያለ፣ ከራሱ የማስተካከያ ፋይል ጋር የሚመጣ የዩ.ኤስ.ቢ. ማይክ ከላፕቶፕ ጋር አገናኙና ጭንቅላታችሁ በሚሆንበት ቦታ ለኩ። ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን በደንብ አጥኑት። ከዚያ በላይ ላለው ክፍሉ ውስጥ ከለካችሁት ይልቅ ደረጃ 3 ላይ ያየነውን ግራፍ እመኑ። በኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ስታስተካክሉ ያበጠውን ቁረጡ እንጂ የጎደለውን አትሙሉ። ክፍሉ የዋጠውን ባስ በቮልዩም ለመሙላት መሞከር አምፑን ያለቅጥ ማሠራት ብቻ ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለቱ ሲጋጩ

ልኬቱ ልዩነት አሳይቶ ሳታዩ ስታዳምጡ ካልተሰማችሁ፣ ርካሹን ግዙ።

እያያችሁ የሰማችሁት ልዩነት ሳታዩ ከጠፋ፣ ድምፁ ውስጥ አልነበረም። ይህን ለራስ ማመን ይከብዳል፣ በተለይ ገንዘብ ከወጣ በኋላ። ግን ዕቃው በመልኩ ደስ ካሰኛችሁ ለመልኩ መግዛት ነውር አይደለም።

ሳታዩም ደጋግማችሁ የለያችሁትን ልኬቱ ካላሳየ መጀመሪያ ቮልዩሙን እንደገና ለኩ። ቀጥሎ የስፒከሩን ቦታ፣ የአምፑን የመውጫ ኢምፒዳንስ ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ያልተለካ ነገር እዚያ ይገኛል። ጆሯችሁን ለመካድ አትቸኩሉ፣ በአግባቡ የተፈተነ ጆሮ ማስረጃ ነው።

ልኬቱ መጥፎ የሆነውን ስፒከር ሳታዩም ከወደዳችሁትስ? በሌላ ቀን፣ በሌላ ሙዚቃ ድገሙት። ያኔም ከመረጣችሁት ውሰዱት። ብቻ የራሳችሁን ጆሮ ጤንነት ዕወቁ። በስልክ አፕ 8,000፣ 12,000፣ 15,000 ሄርዝ እያጫወታችሁ የት ላይ እንደሚጠፋባችሁ ሞክሩ። ከዕድሜ ጋር የላይኛው መቀነሱ የማይቀር ነው። በረጅም ጊዜ ጩኸት የተጎዳ ጆሮ ግን ፍርዱ ከቀን ቀን ይዋዥቃል፤ እንዲህ ከሆነ ለልኬቱ የበለጠ ክብደት ስጡ።

ሱቅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ብቻ ካላችሁ

መርካቶም ሁን ዋሽንግተን፣ አሠራሩ አንድ ነው። ሙዚቃውን በራሳችሁ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። በብሉቱዝ ሳይሆን በገመድ ይገናኝ። ሻጩን በትሕትና «ባስ ቡስቱንና ኢኳላይዘሩን አጥፋልኝ» በሉት። ሁለቱን ስፒከሮች አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ ጥግ፣ አንዱ መሐል አይሁን። በአፑ ቮልዩማቸውን አመጣጥኑ። ከዚያ ጀርባችሁን ስጡና አብሯችሁ የመጣው ሰው ይቀያይርላችሁ። መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ከበሮ፣ በመጨረሻ የሴት ድምፅ። መመለስ ይቻል እንደሆነና በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነ ጠይቃችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ዕቃው ቤት ገብቶ ቦታውን እንደያዘ አንድ ጊዜ ለኩትና ግራፉን ከነቀኑ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ። ከዓመት በኋላ «ድምፁ ተቀየረብኝ» ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ማይኩን እዚያው ቦታ አድርጋችሁ እንደገና መለካትና ሁለቱን መስመሮች ማስተያየት ትችላላችሁ።